ሐምሌን ማማት

ሥራዬ ሐምሌን ማማት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ ከምድር በታች ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ የሐምሌን ክፉነት ስነግር ኖሬያለሁ። ወረቀቱ ላይ ማዕረጌ «የወቅት አማካሪ» ይላል። ወደ ዛርጋ ሜዳ ለሳፋሪ መምጣት የሚፈልግ ሰው ይደውልና መቼ ብመጣ ይሻለኛል ብሎ ይጠይቃል፤ እኔም እመልስለታለሁ።

መልሱ አጭር ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይምጡ። ሣሩ አጭር ነው፤ ኩሬዎቹ ደርቀው ሦስት ብቻ ስለሚቀሩ የሜዳ አህያውም፣ ሳላውም፣ አንበሳውም እዚያው ይሰበሰባል፤ ከመኪናዎ ሳይወርዱ ሁሉንም ያዩታል። መጋቢት ይሞቃል፣ ግን ይቻላል። ጥቅምት ወፍ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። ሐምሌስ ያሉኝ እንደሆነ ምላሴን እስላለሁ። ጭቃው መኪና ይውጣል። ሣሩ ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ ዝሆን ከጎንዎ ቢቆም አያዩትም። ትንኙ በልብስ ላይ ይናከሳል። በዚያ ላይ ሜዳው ከሰኔ አሥር እስከ መስከረም አሥራ አራት ዝግ ነው። ሰውዬው ያመሰግነኝና ለጥር ቦታ ይይዛል።

ስለ ሐምሌ ከምለው ውስጥ እውነቱ ዝግ መሆኑ ብቻ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ያለነው አማካሪዎች ስምንት ነን፤ ስምንታችንም የሻሮ ልጆች ነን። ሐምሌን እንድናማ ያዘዘን የለም። ውብ ልጅ የወለደች እናት ዓይን እንዳይገባው «ይሄ አስቀያሚ» እያለች እንደምታሳድገው፣ እኛም ሐምሌን እንደዚያ ነው ያሳደግነው። ማታ ስንገናኝ «ዛሬ ስንት ጊዜ ሰደብሽው?» እየተባባልን እንሳሳቃለን።

ሻሮ ከሜዳው ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ጉብታዎቹ ጋ ናት። ጉብታዎቹ ቤቶቻችን ናቸው። ጣሪያችን ላይ አፈርና ሣር ስለተጫነበት ከመንገዱ ለሚያየን ኮረብታ እንጂ መንደር አንመስልም። በራችን ከሜዳው በተቃራኒ በኩል ነው፤ ጎረቤት የምንጠይቀውም፣ ሥራ የምንሄደውም ጣሪያ ባለው ቦይ ውስጥ ነው። በጉብኝት ወቅት ማንም ወደ ሜዳው አይወጣም። የተሳሳተ ሰው ቢኖር ሁላችንም የምናጠልቀው አንባር እጁ ላይ ይነዝረዋል፤ ሁለት እርምጃ ከጨመረ ክንዱ እስኪደነዝዝ ይነዝረዋል። ማታ እንዳንወጣ ደግሞ የማታ ጎብኚ አለ። ልብሳችን የአፈር ቀለም ነው። ዶሮ እናረባለን፣ አውራ ዶሮ ግን አይፈቀድም። ልጆቻችን መናገር ሳይጀምሩ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሳቅ ይለምዳሉ፤ ከውጭ የመጣ ሰው ጨዋነት ይመስለዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጎብኚ የሚመጣው ሰው ያልረገጠው ምድር ለማየት ነው። ሻሮ ደግሞ ስድስት መቶ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። አያቶቻችን ሳፋሪውን ከሚያካሂደው ድርጅት ጋር ሲዋዋሉ ከሁለት አንዱን ምረጡ ተባሉ፤ ወይ ከተማ ሄዳችሁ ፎቅ ላይ ትኖራላችሁ፣ ወይ እዚሁ ሆናችሁ አትታዩም። አለመታየትን መረጡ። ሦስት ጊዜ ከታየን ግን ወደ ፎቁ እንሄዳለን። ሁለቱን ጨርሰናል። አንዱ የሠርግ ከበሮ ነበር። ሌላው ደግሞ አንዲት ሴት ረስታ ጉብታ ላይ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት አንድም ጊዜ ሳንታይ ኖርን።

ሜዳው በሚዘጋበት መቶ ቀን ግን እንወጣለን። አንባሩ ይተኛል። ድሮ እዚህ አገር ዝናቡ በሚያዝያ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ አሁን ሐምሌ ነው፣ እኛም የምናውቀው የሐምሌውን ነው። የዓመቱ ሠርግ ሁሉ በመቶው ቀን ይሠረጋል። የተጣላ የሚታረቀው ያኔ ነው፤ ሸንጎ የሚቀመጠው ሜዳ ላይ እንጂ ቦይ ውስጥ አይደለምና። ለቅሶም የሚለቀሰው ያኔ ነው።

ስለ ለቅሶው ትንሽ ልናገር። በሻሮ ልማድ ሰው የሚሞተው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ትንፋሹ ይወጣል፤ ይቀበራል። ሁለተኛው ግን የሚሆነው ሰው ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ሥር፣ እግሩን ሣር ላይ ተክሎ እያለቀሰ ስሙን ሲጠራው ነው። እስከዚያ ድረስ ሟቹ አልሄደም። አልጋው አይነሳም። ድርሻው በሳህን ይቀመጥለታል። ባል ከሆነ ሚስቱ፣ ሚስት ከሆነች ባሏ ጠጉሩን አይቆረጥም፤ ስለ ሟቹም ሲናገር «ነበረ» አይልም። በጉብኝት ወቅት የሞተ ሰው ለቅሶው ተከድኖ መቶውን ቀን ይጠብቃል። የተከደነ ለቅሶ እንለዋለን። ከባድ ነው፣ ግን መጨረሻው ስለሚታወቅ ይቻላል።

እናቴ አልታዬ በጥር ሞተች። ሳንባዋ ነበር። ቦዩ ጫፍ ላይ አምስት ሆነን ቀበርናት፤ ከአምስት በላይ አይፈቀድም። እናቴ ድምፅ የሌላት ሴት ነበረች፤ ስትጣራ እንኳ ቀርባ ትከሻ ትነካለች እንጂ ስም አትጠራም። አባቴ ዳልካ ከቀብሯ ተመልሶ ሁለት ሳህን አቀረበ። ከዚያ በኋላ «አልታዬ ጨው የበዛበት አትወድም» ይለኛል፤ «አልታዬ ብርድ ልብሱ ይከብዳታል» ይለኛል። አእምሮው ደህና ነው፤ ልማዱን ነው የጠበቀው። ግን ጠጉሩ ጆሮውን ሲያልፍ፣ ከዚያ ትከሻው ሲደርስ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው እንደዚያ ሆኖ ሳየው ፊቴን አዞራለሁ። ሽማግሌዎቹ ለቅሶውን ለሐምሌ አሥራ ሁለት ቆረጡለት። ቀኑን ከነገሩት ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀኝ፤ ስንት ቀን ቀረ?

በሚያዝያ አንድ ሰው ደወሉልኝ። መክብብ እባላለሁ አሉኝ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ከአዲስ አበባ ነው የሚደውሉት። ምርጡ ወቅት መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ታኅሣሥና ጥር አልኳቸው።

«ታኅሣሥ አልደርስበትም፣ ልጄ» አሉኝ። «ዓይኔ እስከ ነሐሴ ነው ያለው። ሐኪሙ ነግሮኛል። እስከ ሰኔ አጋማሽ ደግሞ ሕክምና ላይ ነኝ፣ አልንቀሳቀስም።»

«ሐምሌ ዝግ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«አንብቤዋለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ለተማሪ ያንን ሜዳ በጠመኔ ስስል ኖሬ አንድ ቀን ሄጄ አላየሁትም።» ከዚያ ጠየቁኝ። «አንቺ አይተሽው ታውቂያለሽ? በሐምሌ?»

አውቃለሁ አልኳቸው።

«እንግዲያው ንገሪኝ። እንደ ደንበኛ አይደለም የምጠይቅሽ። መምጣት እንደማልችል ተግባብተናል።»

ይኸው ነው ጥፋቴ። ሰውዬው መምጣት አይችሉም፣ ምን ይጎዳል ብዬ አሰብኩ። ደግሞም አሥራ አንድ ዓመት ስሰድበው የኖርኩት ሐምሌ አንድ ጊዜ እንኳ በስሙ መጠራቱ ደስ አለኝ።

ጠዋቱ ጥርት ያለ ነው አልኳቸው፤ ዝናቡ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሣሩ ጉልበት ድረስ ብቻ ነው፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል የምንለው ውሸታችንን ነው። ነፋስ ሲያልፍበት መልኩን ይለውጣል። የሜዳ አህዮቹ የሚወልዱት ያኔ ነው፤ ግልገሉ ከወደቀበት ይነሳል፣ አራት ጊዜ ይንገዳገዳል፣ በአምስተኛው ይሮጣል። እናትየው ወደ ኋላ ሳትዞር ትሄዳለች፣ እንደሚከተላት ታውቃለች። ውሃ በየቦታው ስላለ ማንም ማንንም አያባርርም። ዝናቡ ሊመጣ ሲል ከሐይቁ ማዶ ይጠቁራል፤ ከዝናቡ በፊት ሽታው ይደርሳል፣ ከሽታው በኋላ ድምፁ፣ ከድምፁ በኋላ ራሱ። ካባራ በኋላ ሜዳው ይጨሳል። እርጥብ ሣር ላይ በባዶ እግር መቆም ምን እንደሚመስል ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጋሽ መክብብ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ከዚያ አመሰግናለሁ አሉኝና ስልኩን ዘጉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኃላፊያችን ይድነቃቸው ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፣ የከተማ ልጅ፣ ትሑት፤ እኛን በቦይ ውስጥ ሲያገኘን መንገድ ይለቃል። ፊቱ በርቶ ነበር።

«አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ» አለኝ።

ነገሩን አስረዳኝ። ድርጅቱ ጥሪዎቻችንን የሚመዝነው በእኛ ንግግር አይደለም፤ ደዋዩ ሳይናገር ባዳመጠበት ጊዜ ነው። አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ዝም ብሎ ያዳመጠን ሰው ከዚህ በፊት ኖሮ አያውቅም። ንግግሬን ቆርጠው ለሦስት ሺህ ሰው አሰምተዋል። ከሦስት ሺሁ ሁለት ሺህ ስድስት መቶው ለሐምሌ ቦታ ጠይቋል። እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። በዚያው ሳምንት ሜዳው ከዚህ ዓመት ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ክፍት መሆኑ ተነገረ። መቶ ቀናችን ቀረ።

መንደሩ ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ማንም አልሰደበኝም። በቦዩ ሳልፍ ሰዎች እንደ ወትሮው ሰላም ይሉኛል፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት ይጥላሉ። አስለቃሻችን እትዬ ታፈሱ ብቻ ቤት ድረስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። ደግሞም አልዋሸሽም» አሉኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቱ ጣሪያ ሲከብደኝ ተሰማኝ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሥሩ ስኖር አንድም ቀን አስቤው የማላውቀው አፈር ነው።

ለአባቴ የነገርኩት እኔው ነኝ። ጠጉሩን በእጁ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሰማኝ። «ታዲያ አልታዬ መቼ ነው የምትሄደው?» አለኝ። 

ሽማግሌዎቹ ይድነቃቸውን አነጋገሩት። በሐምሌ አሥራ ሁለት ለሁለት ሰዓት ብቻ፣ ሃያ ሰው ብቻ፣ በሜዳው ጫፍ እንውጣ አሉት። ከልቡ አዘነ፤ ማዘኑን አይቻለሁ። ግን በዚያ ቀን አርባ መኪና ሜዳው ላይ እንደሚኖር ነገራቸው። በምትኩ ከምድር በታች ያለውን የስብሰባ አዳራሽ ለቀኑ እለቅላችኋለሁ አለ፤ ወንበርም ውሃም አቀርባለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ አመስግነው ወጡ። ሰማይ የሌለበት ለቅሶ ለቅሶ አይደለም። አሥር ሰው ወጥቶ ይጥራት፣ ሦስተኛው ጥሰት ይቆጠር፣ ወደ ፎቁም እንሂድ ያሉ ነበሩ። አባቴ ነው እምቢ ያለው። ለአንዲት ሴት ስድስት መቶ ሰው ከአገሩ አይነቀልም አለ።

በመጨረሻ እትዬ ታፈሱ አንድ ሐሳብ አመጡ። በየጣሪያችን ላይ የአየር ቱቦ አለ፤ ክዳኑ ከውስጥ ይነሳል። በሐምሌ አሥራ ሁለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉም በየቤቱ ሆኖ ክዳኑን ያንሳና ያልቅስ። እኛ ባንወጣ ድምፃችን ይወጣል። ስሟን ሜዳ ላይ ቆሞ የሚጠራ የለም፤ ስለዚህ ለቅሶው ሙሉ አይደለም፣ አባቴም ከነጠጉሩ ይቀመጣል። ግን ዝም ከማለት ይሻላል ተባለ። መታየት ነው የተከለከለው፣ ስለ መሰማት ውሉ ምን ይላል ያለም ነበር። የከበሮውን ነገር ግን ሁላችንም እናስታውሳለን።

የሐምሌ አሥራ ሁለት ተራ የኔ ነበር። ቀይሩኝ ብዬ ለመንኩ፤ በአዲሱ ወቅት የደዋዩ ብዛት ሦስት እጥፍ ሆኗልና አልተቻለም። ለገዛ እናቴ ሲለቀስ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ለአንድ የባንክ ሠራተኛ የዝናብ ጫማ ይያዙ እያልኩ ነበር።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። ክፍላችን ከመንደሩ ብዙ አይርቅም፤ በግድግዳው በኩል እንደ ራቀ ውሃ ድምፅ ሰማሁት። ስምንታችንም አንገታችንን ደፋን። ቀጥሎ ጥሪዎቹ መጡ። ሜዳው ላይ ያለ ጎብኚ ጥያቄ ሲኖረው የሚገናኘው መጀመሪያ ካነጋገረው አማካሪ ጋር ነው። መኪኖቹ የት እንዳሉ በሚያሳየን ሰሌዳ ላይ አራቱ ቆመው አየሁ፤ ከዚያ ሰባት። ይድነቃቸው ከቢሮው ወጥቶ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። 

ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ መክብብ ነኝ» አሉኝ። «መጣሁ እኮ። ሜዳው ላይ ነኝ፣ ከልጅ ልጄ ጋር። ይህ ድምፅ ምንድን ነው?»

ለቅሶውን በእሳቸው ስልክ ውስጥ ሰማሁት። በግድግዳው በኩል የሚመጣው የታፈነ ነበር፤ ይኸኛው ነፋስ አለው፣ ርቀት አለው፣ ሰማይ አለው። እትዬ ታፈሱን ለይቼ አወቅኋቸው። ከዚያ የአባቴን ድምፅ ለየሁት። ማልቀስ ፈለግሁ፤ ስልክ ላይ ማልቀስ አይፈቀድም፣ ይድነቃቸውም ከኋላዬ ነበር። ሰው ነው ብል ሻሮ አለቀላት። ማሽን ነው ብል መርማሪ ይልካሉ።

«ወፍ ነው» አልኳቸው።

«ወፍ?»

«ብዙ ናቸው። ጉብታዎቹ ውስጥ ነው የሚኖሩት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዝናቡ መሐል ይጮኻሉ።»

«እንዲህ ያለ ወፍ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። «ሆዴን አባባው እኮ። ስሙ ማን ይባላል?»

የሦስት መቶ ወፍ ስም በቃሌ ነው የማውቀው። በዚያች ሰዓት አንዱም አልመጣልኝም። በአፌ ላይ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው።

«አልታዬ» አልኳቸው።

«አልታዬ» አሉ እንደ መምህር፣ ቀስ ብለው። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን አውርጂኝ ሲሏት ሰማሁ። ጎብኚ ከመኪናው ጎማ ሦስት እርምጃ ድረስ መውረድ ይችላል። «ልጅ ሳለን ወፍ ሲጮኽ እኛም እንጠራው ነበር፣ ስሙን ሲሰማ ይመልሳል ይባል ነበር፣ ያኔ በደንብ ነበር የማየው፣ አሁን ሣሩ አረንጓዴ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው» አሏት። ስልኩን እጃቸው ላይ እንደያዙ ቆመው ወደ ጉብታዎቹ ተጣሩ። አልታዬ አሉ። ደግመው፣ ጮክ ብለው ጠሯት። በሦስተኛው ማልቀሳቸው በግልጽ ይሰማ ነበር።

መንደሩ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ስሟን በቱቦዎቹ በኩል፣ ከውጭ፣ ከሜዳው ሰምተዋል። ከዚያ እንደዚያ ያለ ለቅሶ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ መክብብ «መለሱልኝ» አሉኝ።

ስዞር ይድነቃቸው የለም። ወደ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘግቷል።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስደርስ ሽማግሌዎቹ ከአባቴ ጋር ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር፤ የወፉ ወሬ በአማካሪዎቹ በኩል ቀድሞኝ ደርሷል። ስሟ ሜዳ ላይ ተጠርቷል፤ ግን የጠራት እንግዳ ሰው ነው፣ ያውም ወፍ መስላው። ይቆጠራል አይቆጠርም? ግማሹ ልማዱ ዘመድ ይጥራ አይልም አለ። ግማሹ ማንን እንደጠራ የማያውቅ ሰው እንዴት ለቅሶ ይፈጽማል አለ። አባቴ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ወደኔ ዞረ።

«ቆሞ ነው የጠራት ተቀምጦ?» አለኝ።

«ቆሞ።»

«እግሩ ሣር ላይ ነበር?»

«ነበር።»

«አልቅሷል?»

«አልቅሷል፣ አባባ። ግን ለዓይኑ ይመስለኛል። ሊጠፋበት ነው።»

አባቴ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። «ለቅሶ ላይ ማን ለምን እንደሚያለቅስ ተጠይቆ ያውቃል?» አላቸው። ከዚያ መቀስ እንዳመጣ አዘዘኝ። ጠጉሩን እኔው ቆረጥኩት፤ አንገቱ ሥር የነበረው ነጭ ጠጉር እንደ ሕፃን ልጅ ጠጉር ለስላሳ ነበር። ስጨርስ «አልታዬ ጨው የበዛበት አትወድም ነበር» አለ። ያኔ ነው ቀኑን ሙሉ የያዝኩት ዕንባ የመጣው።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር።

በነሐሴ ይድነቃቸው ጠራኝ። ፊት ለፊቱ የጎብኚዎች አስተያየት ተደርድሮ ነበር። በአዲሱ ወቅት ከሁሉ በላይ የተወደደው አንበሳውም ግልገሉም አይደለም፤ በሐምሌ አሥራ ሁለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የተሰማው የአልታዬ ጥሪ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ አሥራ ሁለት ሦስት መቶ ሰማንያ ሰው ቦታ ይዟል።

«መጻሕፍቱን ሁሉ ፈለግሁ» አለኝ ይድነቃቸው፣ ጠረጴዛውን እያየ። «እንዲህ የሚባል ወፍ የለም።»

«አዲስ ነው» አልኩት።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የጻፍኩት።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንድ ዓመት ታይቶ ከጠፋ ግን ምን እንደነበረ የሚያጣራ ባለሙያ ይልካሉ። በሚቀጥለው ዓመት እንደሚጮኽ ማረጋገጥ ትችያለሽ?»

አላውቅም ብል ባለሙያው ይመጣል፤ ጉብታዎቹን ይቆፍራል። እችላለሁ አልኩት። ይድነቃቸው ፈረመና ወረቀቱን ሰጠኝ። እሱም ከኛ ጋር እዚያው ቦይ ውስጥ እንደገባ ያኔ ገባኝ።

ወሬውን ለመንደሩ ስናገር ለሁለተኛ ጊዜ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይጥላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እትዬ ታፈሱ ግን ከዚያ በፊት ልብ ያላልኩትን ነገር ነገሩኝ። ከየካቲት ወዲህ ሻሮ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ሞቷል። ዘጠኝ የተከደነ ለቅሶ በየቤቱ ተቀምጧል፤ ሜዳው ደግሞ ከእንግዲህ አይዘጋም። በማግስቱ አንዲት ጎረቤታችን ሥራ ልሄድ ስል ቦዩ ውስጥ ጠበቀችኝ። ባሏ በግንቦት ነው የሞተው። ወፏ ሌላ ስም ሊኖራት ይችላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ዓይነት ወፍ ማለቷ ነው፤ በሌላ ቀን የምትጮኽ። ከሷ በኋላ ሌሎቹ መጡ።

ስለዚህ አሁን ሥራዬ ሐምሌን ማወደስ ነው። ምርጡ ወቅት መቼ ነው ለሚለኝ ሐምሌና ነሐሴ ነው እለዋለሁ። የወፎቹን ስምና ቀን አንድ በአንድ እነግረዋለሁ፤ ከመኪናዎ ይውረዱ፣ ጫማዎን አውልቀው ሣሩ ላይ ይቁሙ፣ ስሙን ጮክ ብለው ይጥሩት፣ ይመልስልዎታል እላለሁ። ብዙዎቹ ሲጠሩ ያለቅሳሉ። ለምን እንደሚያለቅሱ አልጠይቃቸውም። ሠርግ በአዳራሹ ውስጥ ነው የሚሠረገው፣ ይድነቃቸው ወንበር ያቀርባል። እኔ እግሬን ሣር ላይ ካሳረፍኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ለደዋዮቹ ስለ እርጥብ ሣር ስነግር አንዳንዴ ትክክል መሆኔን እጠራጠራለሁ።

ባለፈው እሑድ የመጪውን ክረምት ዝርዝር ቤት አምጥቼ ስሠራ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ስሞቹን አነበበ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ለወፎቹ የተፈቀዱልን ቀናት ሊያልቁ ሦስት ነው የቀራቸው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው።

«ዳልካ የሚባልም ወፍ ጻፊ» አለኝ። «ድምፁ ወፈር ያለ ነው፣ ብቻውን ነው የሚጮኸው በያቸው።»

ስሙን ጻፍኩ። ቅጹ ቀን ይጠይቃል። «ለመቼ ልበለው?» አልኩት።

«ገና ነው» አለ አባቴ። «ግን ቦታው ሳይሞላ ያዢልኝ።»